ሽጉጥም ሰባት ቤት ይቆጠርለታል

በኢትዮጵያውያን የብረታ ብረት ባለሙያዎች የምሽት ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ብቻ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ የቅዳሜ ምሽታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በጥይት የሞተ ዘመድ ያልቀበረ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። እኔም ቀብሬያለሁ። ስለዚህ ሽጉጥ የሚለውን ቃል የማነሳው አቅልዬው አይደለም። ዛሬ የማወራላችሁ መቶ ዓመት ስላለፋቸው ብረቶች ነው። ለፈተና ተሠርተው ብዙዎቹ በፈተናው ወደቁ፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ኖሩ። እኔን የያዘኝ አሠራራቸውና የተጓዙበት መንገድ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የእኛን ስጠራ ለይቼ እነግራችኋለሁ።

እንደምታውቁኝ የቶርኖ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ቶርኖና ፍሬዛ፣ ማለትም ብረት በሚያሽከረክርና በሚቆርጥ ማሽን መሥራት፣ ተምሬ እዚህ አሜሪካም በዚያው እንጀራዬን በላሁ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ የምትባል ከተማ አለች። ከ1794 እስከ 1968 የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነበረው ግቢ አሁን ሙዚየም ሆኗል። መጀመሪያ የሄድኩት ሽጉጥ ፍለጋ አልነበረም። ቶማስ ብላንቻርድ የሚባል ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፈለሰፈው፣ የጠመንጃ ሰደፍ የሚቀርጽ ቶርኖ እዚያ እንዳለ ሰምቼ እሱን ለማየት ነው። ሰደፍ ክብ አይደለም፤ ጎባጣ፣ ቀጭን፣ ወፍራም እየሆነ የሚሄድ እንጨት ነው። ብላንቻርድ ምን አደረገ? አንድ የተጠናቀቀ ሰደፍ ናሙና አድርጎ አሰረ፤ አንድ ጎማ በናሙናው ላይ እየተንከባለለ ጎባጣውን ሁሉ ሲከተል፣ ከጎኑ ያለው ስለት ያንኑ በአዲሱ እንጨት ላይ ይደግመዋል። ሞተር በሌለበት ዘመን፣ በውኃ ኃይል! እዚያ ቆሜ ስንት ሰዓት እንዳሳለፍኩ ቤተሰቤ ያውቃል። የሙከራ ሽጉጦችን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

የሙከራ ሽጉጥ ስል ምን ማለቴ ነው? ፋብሪካ በመቶ ሺህ ያመረተው ሽጉጥ ክርክሩ ካለቀ በኋላ የመጣ ነው። የሙከራው ሽጉጥ ግን ገና ክርክሩ ውስጥ ነው። አንዱ ክፍል በእጅ ተሞርዷል፤ ሌላው ተቆርጦ እንደገና ተበይዷል፤ ቁጥሩ 1 ወይም 2 ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ቁጥር የለውም። ሠሪው የት ላይ እንደተጨነቀ በብረቱ ላይ ይታያል። የብረት ሠራተኛ የሆነ ሰው ይህን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

በ1890ዎቹ የነበረው ክርክር ይህ ነበር። ሪቮልቨር የምንለው ባለ ሽክርክሪት ሽጉጥ አምስት ስድስት ጥይት ይይዛል፤ ካለቀ በኋላ ቀለሁን፣ ባዶውን የጥይት ቀፎ፣ አውጥቶ እንደገና መሙላት ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታውን ኃይል ይዞ፣ ሽጉጡ ራሱ ቀለሁን ጥሎ የሚቀጥለውን እንዲያጎርስ ማድረግ አይቻልም ወይ? ሂራም ማክሲም በመትረየስ አሳይቶታል። ያንን በእጅ መዳፍ ልክ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁጎ ቦርቻርድ የጀርመኗ ማግደቡርግ ሰው ነው። አሜሪካ መጥቶ በሻርፕስና በዊንቸስተር ፋብሪካዎች ሠርቶ ነበር። 1893 ላይ ያወጣው ሽጉጥ የሚቆለፈው እንደ ሰው ጉልበት በሚታጠፍ መጋጠሚያ ነው። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጉልበታችሁ ኩንታል ይሸከማል፤ ከኋላ በጣት ቢነኩት ግን ይታጠፋል። የሽጉጡም ነገር እንደዚያ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ጉልበቱ ቀጥ እንዳለ ይይዛል፤ ከአፈሙዙ ጋር ትንሽ ወደ ኋላ ከተጓዘ በኋላ ወደ ላይ ይታጠፍና ቀለሁ ይወጣል። ሐሳቡ ድንቅ ነበር። ነገር ግን የሞላው ቤት ከኋላ ተንጠልጥሎ ሚዛኑን አበላሸው፤ ወደ 3,000 ገደማ ተሠርቶ ቀረ። ጆርጅ ሉገር፣ የኦስትሪያ ቲሮል ሰው፣ ያንኑ ጉልበት ወስዶ አሳጠረው፤ ሞላውን ወደ እጀታው ውስጥ አስገባው። ስዊዘርላንድ 1900 ላይ ተቀበለችው፤ የጀርመን ባሕር ኃይል 1904፣ የጀርመን ጦር 1908። ሉገር ራሱ ይሞክራቸው በነበሩት አንዳንድ ሽጉጦች የጉልበት መጋጠሚያ ላይ የስሙ ሁለት መጀመሪያ ፊደላት ተጠላልፈው ተቀርጸዋል። ሰብሳቢ ያንን ምልክት ሲያይ ልቡ ይመታል። አጭበርባሪም ልቡ የሚመታው እዚያው ላይ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ሂዩ ጋቤት ፌርፋክስ የሚባል ሰው ነበር። ማርስ ያለውን ሽጉጥ ሠራ። በዘመኑ ከነበሩት የእጅ ሽጉጦች ሁሉ የሚበልጥ ኃይል ነበረው፤ ርግጫው ግን እጅ የሚያስለቅቅ ነበር። የባሕር ኃይሉ ፈታኞች አንዴ የተኮሰበት ሰው ሁለተኛ ሊተኩስበት እንደማይፈልግ ጽፈዋል። ሰውየው ገንዘቡን ሁሉ አፍስሶበት 1902 ላይ ከሰረ። በጠቅላላው ወደ 80 ገደማ ብቻ ነው የተሠራው። ዛሬ አንዱ ጨረታ ላይ ሲወጣ የሰብሳቢው ዓለም ይንጫጫል። ሠሪው ግን በሕይወቱ ከድካሙ ምንም አላገኘም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ወደ አሜሪካ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳዬ ያለው እዚያ ነው። የአሜሪካ ጦር 1901 ላይ 1,000 የሉገር ሽጉጦች ለሙከራ ገዛ። በዚያው ዘመን ፊሊፒንስ ውስጥ ይዋጋ ነበርና ወታደሮቹ በእጃቸው የያዙት የ.38 ካሊበር (የጥይቱ ውፍረት መለኪያ ነው) ሪቮልቨር እየሮጠ የሚመጣን ሰው አያቆምም ብለው አማረሩ። 1904 ላይ የጦሩ መኮንን ጆን ቶምፕሰንና ሐኪሙ ሉዊስ ላጋርድ ቺካጎ ወዳለው ትልቅ የከብት ማረጃ ሄደው በከብት ላይ ሞከሩ፤ በሰው ሬሳ ላይም ሞክረዋል። ሲነገር ደስ አይልም፤ ግን የሆነው ይኸው ነው። ከ.45 ያነሰ ካሊበር አይሆንም የሚል ውሳኔ ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ ጦሩ አዋጅ አስነገረ፤ ሽጉጥ ያለህ ና፣ በ.45 ሠርተህ አምጣ አለ። 1907 ላይ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ፈታኝ ቦርድ ተቀመጠ። ኮልት መጣ፤ ሽጉጡ የጆን ብራውኒንግ ሥራ ነው። ሳቬጅ መጣ፤ የኤልበርት ሰርል ንድፍ ነው። ሉገር ከጀርመን መጣ። በርግማን፣ ዋይት ሜሪል፣ ኖብል፣ ዌብሊ ፎስበሪ መጡ። የቦርዱን ሪፖርት ላነበበ ሰው ከልብ ወለድ የሚያንስ አይደለም። የኖብልን ሽጉጦች፣ አሠራራቸው ሻካራ ስለሆነ መፈተኑ ትርጉም የለውም ብለው ሳይፈትኑ መለሷቸው። አስቡት፣ ያ ሰው ለዚያ ቀን ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል!

የሉገርን ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ነው የጻፉት። ብዙ መልካም ጎን አለው፤ ነገር ግን ጥይቱን ወደ ማጎረሻው ገፍቶ የሚያስቀምጠው የመጨረሻው እንቅስቃሴ አስተማማኝ የሞላ ግፊት የለውም፤ ሉገር የግድ ያስፈልገዋል ያለው ባሩድም በአገራችን አይገኝም አሉ። እዚህ ላይ የሙያ ሰዎች ልብ በሉ። ይህ የሽጉጥ ሪፖርት ብቻ አይደለም። ማሽኑ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጥሬ ዕቃው ከአገር ውጭ ስለሆነ ብቻ መውደቅ፣ እኛ ስንት ጊዜ ያየነው ነገር ነው።

ቦርዱ ኮልትና ሳቬጅ እያንዳንዳቸው 200 ሽጉጥ እንዲያቀርቡ ሐሳብ ሰጠ። ሳቬጅ መጀመሪያ አልችልም ብሎ ስለነበር ትዕዛዙ ወደ ሉገር ፋብሪካ ዞሮ ነበር፤ ጀርመኖቹ 1908 ላይ ተዉት። ሳቬጅ ተመለሰ፤ ከኮልት ጋር እስከ 1911 ተፎካከረ። በመጨረሻው ፈተና ከእያንዳንዱ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰ። ኮልቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰናከለም። ማርች 29 ቀን 1911 ተመረጠ፤ ከዚያ በኋላ ከሰባ ዓመት በላይ የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ ሆኖ ቆየ።

ሰብሳቢዎች የሚሮጡት ግን ካሸነፈው ይልቅ ወደ ተሸነፉት ነው። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ያ የ1907ቱ የሉገር .45 ነው። ለፈተናው ከቀረቡት ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ይታወቃሉ። ቁጥር 1 የት እንደገባ አልታወቀም። ቁጥር 2 አለ። 1989 ላይ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ተብሎ በሰፊው ተነገረ፤ 2010 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጨረታ ወጥቶ 494,500 ዶላር አወጣ። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ግማሹ ዋጋ ወረደ ማለት ነው። ብረቱ ያው ብረት ነው። ያኔ የተከፈለው ለስሙ ነበርና ስሙ ከገበያው ጋር ወጣ፣ ከገበያው ጋር ወረደ።

እንግዲህ ወደ ርዕሴ ልግባ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ፣ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። መሐል ላይ አንድ ስም ከጠፋ፣ «ይሆናል» ብሎ የሚያልፍ ሽማግሌ የለም፤ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ነገሩ ይቆማል። የጥንት ሽጉጥ የሚሰበስብ ሰው ሥራውም ከዚህ አይለይም። ከፋብሪካው ማን ወሰደው? ከእሱ ማን ገዛው? ማን ወረሰው? እያንዳንዱ ባለቤት አንድ ቤት ነው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሻግር ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍ ሊኖር ይገባል። በሌለበት ቦታ ላይ ክፍተቱን ክፍት ትቶ መጻፍ ነው እንጂ በግምት መሙላት ነውር ነው። ሰብሳቢነት ከነጋዴነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ በራሴ ደርሶብኝ ነው የተማርኩት።

ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የ1900 ሞዴል ሉገር ገዛሁ። ከአፈሙዙ በስተኋላ፣ ከላይ በኩል የአሜሪካ ንስር ተቀርጾበታል። ሻጩ፣ ስሙን አላነሳም፣ ጦሩ 1901 ላይ ከገዛቸው ከአንድ ሺዎቹ ነው አለኝ። አንድ መኮንን ከፊሊፒንስ ይዞት እንደመጣ፣ ልጁ እንደወረሰው፣ ልቤ እስኪሞላ ነገረኝ። ወረቀት ግን አልነበረውም። ታሪኩን ወደድኩት፤ ለታሪኩ ከፈልኩ። ከብረቱ ዋጋ ላይ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ጨመርኩ።

ቤት ገብቼ ማታ ፋብሪካ የምጠቀምበትን አጉሊ መነጽር አወጣሁ። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን እየላሰ እንዲያልፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከመለያ ቁጥሩ ሥር ያለው ብረት ትንሽ ሰርጎዷል። በጣት አይታወቅም፤ በብርሃን ግን ጥላ ይጥላል። ለስላሳ ሞረድና ሸራ ወረቀት ያለፈበት ቦታ እንዴት እንደሚታይ ማንኛችሁም ታውቃላችሁ፤ ጠርዙ ይሟሟል፣ እንደታጠበ ሳሙና ይሆናል። ከፋብሪካ የወጣ ጠርዝ ጥፍር ይይዛል። በሰርጓዳው ውስጥ የአንድ ፊደል እግር ቀርቶ አየሁ። ያኔ ገባኝ። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ለንግድ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ያስገድዳል። ለገበያ የመጡ ሉገሮች ብዙ ጊዜ «ጀርመኒ» የሚል ቃል ተመትቶባቸዋል። አንድ ሰው፣ መቼ እንደሆነ የማላውቀው ሰው፣ ያንን ቃል ፍቆ አጥፍቶታል፤ የሱቅ ሽጉጡን የጦር ሽጉጥ ለማድረግ። ንስሩ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ለተራ ገዢ የተሸጡትም ንስር አላቸው። የመለያ ቁጥሩን ተመራማሪዎች ከጦሩ ግዢ ጋር ካያያዟቸው ቁጥሮች ጋር ሳስተያየው አልገጠመም።

በጣም ተናደድኩ። ገንዘቡም ቢሆን ላቤን ያፈሰስኩበት ነው፤ ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን በሞረድ የተዋሸ ውሸት መሆኑ ነው። ሞረድ የእኔ መሣሪያ ነው። አሁንም ሽጉጡ እኔ ዘንድ አለ። አልሸጥኩትም። ከእሱ ጋር አንድ ማኅደር አለ፤ ያየሁትን ሁሉ፣ ፎቶግራፉን ከነብርሃኑ አቅጣጫ፣ የከፈልኩትን ዋጋ፣ የተነገረኝን ታሪክና ያ ታሪክ ለምን እንዳልቆመ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ልጆቼ ቢሸጡት ገዢው እውነቱን ይዞ ይገዛል።

ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ ሳይ መጀመሪያ የማየው ብሎኖቹን ነው። የብሎን ራስ ላይ ያለው መሰንጠቂያ ከተቀደደ፣ ካቻቪቴው የማይገጥመው ሰው ከፍቶታል ማለት ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ ምን ተቀየረ ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ዘዴ የማይቀበሉ ሁለት ሽጉጦች አሉ፤ ሁለቱም እጅግ ያስደስቱኛል። አንዱ የመጀመሪያው ትንሹ ሳቬጅ ነው። ብሎን የሚባል ነገር የለበትም፤ የእጀታው ሽፋን እንኳ ተለጥጦ ገብቶ ይቆለፋል። ሌላው ማውዘር ሲ96 ነው። ያ ሁሉ ውስብስብ ነገር፣ መዶሻው፣ ምላጩ፣ ሞላው፣ አንዱ ሌላውን ይዞ የሚቆም ነው፤ ብሎን ያለው አንድ ብቻ፣ እሱም የእጀታውን እንጨት የሚይዘው። እኔ ስፈታው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍሬዛ ላይ የኖረ ሰው እያንዳንዱ ክፍል ስንት ጊዜ ታስሮ፣ ተፈትቶ፣ ተገልብጦ እንደተቆረጠ ይቆጥራል።

ስለ ማውዘሩ አንድ ነገር ልጨምር። የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው በፖል ማውዘር ስም ነው። የሠሩት ግን በፋብሪካው ውስጥ የነበሩት የፌደርለ ወንድማማቾች ናቸው፤ ፊደል፣ ፍሪድሪኽና ዮሴፍ። የመጀመሪያው ናሙና ላይ ማርች 15 ቀን 1895 የሚል ቀን አለ። ስሙ ዓለምን የዞረው የጌታው ነው። ስለዚህ ሰባት ቤት ስንቆጥር ከገዢዎቹ ብቻ አንጀምር፤ ከሠሪው እጅ እንጀምር። የእኛ አገር ቀጥቃጮች ስንት ሠርተው ስማቸው እንዳልተጻፈ ታውቃላችሁና ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ቋንቋችንም ቢሆን ይህን የመጡበትን መንገድ የመያዝ ልማድ አለው። ሽጉጥ የሚለው ቃል ከመሸጎጥ የመጣ ነው፤ ወገብ ሥር የሚሸጎጥ። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ የፈረንሳዮቹ የግራስ ጠመንጃ ነው፤ «ፉዚ ግራ» የሚለው አጠራር በአባቶቻችን አፍ ተቀይሮ ውጅግራ ሆነ። ስናድርም እንግሊዙ ስናይደር ነው። አያቶቻችን የመሣሪያውን አገር በስሙ ውስጥ አስቀምጠውልናል።

እዚህ ላይ ሳልነካው የማላልፈው አንድ ሽጉጥ አለ። የሙከራ ሽጉጥ አይደለም፤ የስጦታ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ቴዎድሮስ ጥንድ ሽጉጥ ላከች፤ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን 1862 ላይ አደረሰው። ንጉሡ ለአገልጋይዋ፣ ከካሜሮን በፊት ቆንስል ለነበረው ለፕላውደን፣ ላሳየው ደግነት ምስጋና መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በብር ላይ ተቀርጾበት ነበር። አፕሪል 13 ቀን 1868፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች መቅደላን ሲሰብሩ ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብሎ ራሱን የገደለው ከእነዚያ በአንዱ ነው። ወታደሮቹ ከአጠገቡ ሲያነሱት ብሩ ላይ ያለውን አነበቡ። የራሳቸውን ንግሥት ስም ነው ያነበቡት።

እስቲ አስቡት፤ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ምክንያት፣ ዓመት፣ ሁሉም በአንድ ብር ላይ። እንዲህ የተሟላ ማስረጃ ያለው መሣሪያ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ከዚያች ቀን በኋላ የሆነውንም እንወቅ። ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና በ200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ደረሰ፤ አፕሪል 20 እና 21 ጨረታ ተካሄደበት። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ስለዚህ አንድ ዕቃ «1868 ላይ በጨረታ የተገዛ» የሚል ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ጨረታውም ተደርጓል፤ ግን ከጨረታው በፊት ያለውን ቤት መቁጠር አለብን። የማን ነበር? እንዴት ወጣ? የሽጉጥ ሰብሳቢዎች ይህን ጥያቄ ለዋጋ ሲሉ ይጠይቃሉ። እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ከፍ ያለ ምክንያት አለን፤ 2019 ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ከለንደን የተመለሰው ከማን እንደተወሰደ የሚታወቅ ስለነበር ነው። የመጣበት መንገድ የተጻፈለት ነገር፣ ባለቤቱ ተነስቶ ሲጠይቅ መልስ አለው።

ሥራውን መጀመር ለሚፈልጉ ጥቂት ልበል። ኮልት ለአንድ መለያ ቁጥር ከመዝገቡ አይቶ ሽጉጡ መቼ፣ ለማን እንደተላከ የሚገልጽ ደብዳቤ በክፍያ ይሰጣል። የዊንቸስተር መዝገብ ዋዮሚንግ ውስጥ ኮዲ በሚባለው ከተማ ሙዚየም ይገኛል። የጦሩ የመሣሪያ ክፍል ወረቀቶች ዋሽንግተን በብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በክፍል 156 ሥር ተቀምጠዋል፤ የፈተና ቦርዶች የተጻጻፉት እዚያ አለ። የጀርመን ፋብሪካዎች ወረቀት ብዙው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍቷልና በዚያ በኩል ብረቱን ራሱን ማንበብ ግድ ይሆናል። ሕጉንም አትርሱ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጥንታዊ የሚባለው እስከ 1898 የተሠራው ነው፤ የ1907 ሽጉጥ መቶ ዓመት ቢያልፈውም እንደ መሣሪያ ይቆጠራል፣ ለሰብሳቢ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድም አለ። የየክፍለ ግዛታችሁን ሕግ ሳታዩ እጃችሁን አትዘርጉ። ቤት ውስጥ የሚቀመጥም ከሆነ ተቆልፎ፣ ከልጅ እጅ ርቆ ይቀመጥ።

አንድም ነገር ሳትገዙ መጀመር ትችላላችሁ። ሙዚየም ሂዱ፤ ሊድስ ያለው የብሪታኒያ የጦር መሣሪያ ስብስብ፣ ስፕሪንግፊልድ ያለው፣ ለሚጠይቅ ሰው በር የሚከፍቱ ናቸው። አጉሊ መነጽርና ደብተር ይዛችሁ ግቡ። ቁጥሩን፣ የፊደሉን ቅርጽ፣ የጠርዙን ስለት ጻፉ። እኔ ዛሬም ከግዢ ይልቅ ደብተሬ ያስደስተኛል።

ቅድም ከመድረኩ ሥር ሆኖ አንድ ወንድማችን፣ «ያ የጠፋው የሉገር ቁጥር 1 ነገ ቢመጣልህ ታምናለህ ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልሴን አሁን ልስጠው። መጀመሪያ ሽጉጡን አልነካውም። ሰውየውን አስቀምጬ ከማን እንዳገኘው እጠይቀዋለሁ፤ ከአባቱ ካለኝ፣ አባቱ ከማን? ስፕሪንግፊልድ ውስጥ በ1907 ከተፈተነ በኋላ ማን ከግቢው አወጣው? የፈረመበት ወረቀት የታለ? ከዚያ ወደ ብረቱ እሄዳለሁ። ፈታኞቹ ሽጉጦቹን ሆን ብለው አቧራ ውስጥ አስገብተዋል፣ አዝገዋል። ይህን ያየ ብረት ቢወለወልም ቀዳዳው ውስጥ፣ የምላጩ ሥር፣ ሞላው የሚተኛበት ጥግ ላይ ምልክት ሊተው ይችላል። ቁጥር 1 ተብሎ የሚመጣልኝ ሽጉጥ እንደ ሙሽራ ጥርት ብሎ የሚያበራ ከሆነ፣ መብራቴን ከጎን አድርጌ ከመለያ ቁጥሩ ሥር ነው የምጀምረው።